ሩጫ እንደገና ስጀምር ትንፋሼ ለምን ያጥራል?

ጥያቄ

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ። የ46 ዓመት ሴትና የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን ሥራዬ የሒሳብ ሥራ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ እውላለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ 800 ሜትር እሮጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ይህ ነው የሚባል ስፖርት ሠርቼ አላውቅም። ባለፈው ወር ከታናሽ እህቴ ጋር ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ መሮጥ ጀመርን። እሷ 38 ዓመቷ ሲሆን ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። እኔ አምስት ደቂቃ ሳይሞላኝ ትንፋሼ ይቆራረጣል፣ የልቤ ምት ጆሮዬ ድረስ ይሰማኛል፤ ወጣቶቹ እያዩኝ ቆሜ ሳለከልክ ደግሞ አፍራለሁ። በማግስቱም ሌሊቱን ሳልተኛ ያደርኩ ያህል ደክሞኝ ነው ቢሮ የምውለው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የወር አበባዬ በዝቶ ከመምጣቱ በስተቀር የማውቀው በሽታ የለብኝም። እናቴ «በዚህ ዕድሜ ምን ያስሮጥሻል? ልብሽን ልታጠፊ ነው» ትለኛለች፤ እህቴ ደግሞ ኅዳር ላይ ለሚካሄደው ታላቁ ሩጫ ካላስመዘገብኩሽ ብላ ይዛኛለች። ችግሩ ዕድሜ ነው፣ በሽታ ነው ወይስ ስንፍና? ልተወው ወይስ ልቀጥል?

መልስ

ውድ እህታችን፣ አጭሩ መልስ ይቀጥሉ የሚል ነው፤ ሆኖም የሚቀጥሉት ባለፈው ወር በጀመሩበት አኳኋን መሆን የለበትም፤ ከመቀጠልዎም በፊት ጤና ተቋም ሄደው መመርመር አለብዎ። ይህን የምለው በዕድሜዎ ምክንያት ሳይሆን፣ በደብዳቤዎ መካከል እንደ ቀላል ነገር ጠቅሰውት ባለፉት የወር አበባዎ ምክንያት ነው። ከጻፉልን ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ እሱ ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ።

ኦክስጅንን ከሳንባ ወደ ጡንቻ የሚያደርሰው በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ የሚገኘው ሄሞግሎቢን ነው፤ ሄሞግሎቢንን ለመሥራት ደግሞ ሰውነት ብረት ያስፈልገዋል። ከ40 ዓመት በኋላ ማረጥ እየተቃረበ ሲሄድ ሆርሞኖች ስለሚዋዥቁ፣ ወይም ማህፀን ውስጥ ማዮማ የሚባል ካንሰር ያልሆነ ዕጢ በመኖሩ፣ የብዙ ሴቶች የወር አበባ መጠኑ ይጨምራል፣ የሚቆይበትም ቀን ይረዝማል። በየወሩ በደም የሚወጣው ብረት በምግብ ከሚገባው ሲበልጥ፣ ሰውነት አጠራቅሞ የያዘውን ብረት ቀስ በቀስ ይጨርሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በዝግታ በመሆኑ ተቀምጦ ለሚውል ሰው እምብዛም አይታወቅም፤ ሩጫ ሲጀመር ግን ልብ የጎደለውን ለማካካስ አብዝቶ መምታት ስላለበት፣ እርስዎ እንደገለጹት ልብ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ድካሙም እስከ ማግስቱ ይቆያል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ሄደው ሙሉ የደም ምርመራ ያድርጉ፤ የሚቻል ከሆነ የተጠራቀመውን የብረት መጠን የሚያሳየው የፌሪቲን ምርመራም እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ፤ ምክንያቱም ሄሞግሎቢን ገና ሳይወርድ ብረት ብቻ አልቆ ሰውን የሚያደክምበት ጊዜ አለ።

ውጤቱን ሲቀበሉ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እርጉዝ ያልሆነች ሴት ደም ማነስ አለባት የሚለው ሄሞግሎቢኗ በዴሲሊትር ከ12 ግራም በታች ሲሆን ነው፤ ይህ ቁጥር ግን የተቀመጠው በባሕር ወለል ደረጃ ለሚኖር ሰው ስለሆነ፣ እንደ አዲስ አበባ ያለ ከፍታ ላይ ለሚኖር መለኪያው ከፍ ይላል። ስለዚህ ቁጥርዎ ከ12 ትንሽ ከፍ ያለ ሆኖ ቢገኝ «ደህና ነኝ» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ከመመለስ ይልቅ፣ ከወር አበባው ጋር አያይዞ እንዲያየው ሐኪሙን ይጠይቁ። የንጽሕና መጠበቂያ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ እስከ መቀየር ከደረሱ፣ የረጋ ደም የሚወጣ ከሆነ ወይም ከሰባት ቀን በላይ የሚቆይ ከሆነ የማህፀን ሐኪም ማየት አለበት፤ የሚፈሰው ካልተገታ የብረት ክኒን ብቻውን አያዘልቅምና። ክኒኑንም ቢሆን ሳይመረመሩ ከፋርማሲ ገዝተው አይጀምሩ። እስከዚያው ግን ከዛሬ ጀምሮ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር፣ ምግብ እንደበሉ ወዲያው የሚጠጡትን ቡና ወይም ሻይ ቢያንስ አንድ ሰዓት ማቆየት ነው፤ ሁለቱም ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት በአንጀት በኩል እንዳይገባ ያግዳሉ፤ በተለይ በጾም ወራት ሥጋ ስለማይበላ ይህ ጉዳት ይጎላል።

እዚያው ሳሉ የደም ግፊትዎንና የደም ስኳርዎን ይለኩ፤ ልብዎንና ሳንባዎንም ሐኪሙ በማዳመጫ ይስማ። በልጅነትዎ ቶንሲል እየተመላለሰብዎ መገጣጠሚያ የሚያሳብጥ ትኩሳት ነበረብዎ እንደሆነ ሳይጠየቁም ይንገሩ። በአገራችን በልጅነት ተይዞ ያልታከመ ጉሮሮ የልብን በሮች፣ ቫልቭ የሚባሉትን፣ አበላሽቶ ለብዙ ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ከቆየ በኋላ በጎልማሳነት በትንፋሽ ማጠር የሚገለጥበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ቀደም ሲል የሳንባ ነቀርሳ ታመው ከነበረ፣ ለዓመታት በእንጨትና በከሰል ጭስ ውስጥ ያበስሉ ከነበረ፣ ወይም ሩጫውን ካቆሙ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደረትዎ ሲር ሲር እያለ የሚያስልዎ ከሆነ ይህንንም ይጨምሩ፤ ቀዝቃዛ የጠዋት አየር የሚቀሰቅሰው አስም ብዙ ጊዜ «ከስፖርት ርቄ ስለቆየሁ ነው» እየተባለ ይታለፋል።

እንግዲህ ምርመራው ምንም አላሳየም እንበል። ያኔም ማለክለክዎ ምክንያት አለው፤ ብዙዎች እንደሚያስቡት ግን ምክንያቱ የሳንባ መዳከም አይደለም። የጤነኛ ሰው ሳንባ በሩጫ ጊዜም ቢሆን ትርፍ አቅም አለው። የሚያንሰው ልብ በአንድ ምት የሚረጨው የደም መጠንና ጡንቻው የደረሰውን ኦክስጅን የመጠቀም ችሎታው ነው። ለዓመታት ያልሠራ የእግር ጡንቻ፣ ጉልበት የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያ የተባሉ የሴል ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፤ ደም የሚያደርሱለት ቀጫጭን የደም ሥሮችም ሳስተዋል። እንዲህ ያለ ጡንቻ ፈጠን ያለ ሥራ ሲታዘዝ ኦክስጅንን አብቃቅቶ መሥራት ስለማይችል ላክቲክ አሲድ ያመነጫል፤ ይህ ሲበዛ ሰውነት የሚያመነጨው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ይጨምራል፤ አንጎልም እሱን ለማስወገድ ትንፋሽ እንዲፋጠን ያዛል። የሚያለከልኩት በዚህ ትእዛዝ ነው፤ ስለዚህ ትንፋሽዎ በዚያች ደቂቃ የመረጡት ፍጥነት ጡንቻዎ አሁን ካለው አቅም በላይ መሆኑን እየነገረዎ ነው።

ዕድሜ በዚህ ውስጥ ድርሻ የለውም ማለቴ አይደለም። ስፖርት የማይሠራ ሰው ከ30 ዓመቱ ወዲህ ሰውነቱ ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅሙ በየአሥር ዓመቱ በግምት 10 በመቶ ይቀንሳል። ነገር ግን ከዕድሜው ይልቅ መቀመጡ ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወንዶች ለሦስት ሳምንት ከአልጋ ሳይወርዱ እንዲቆዩ ተደርጎ አቅማቸው ተለካ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው አምስት ሰዎች ተፈልገው እንደገና ሲመረመሩ፣ 30 ዓመት ማርጀት የቀነሰባቸው አቅም ያኔ ሦስት ሳምንት መተኛት ከቀነሰባቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከዚያም ለስድስት ወር ያህል ቀስ በቀስ እየጨመሩ በእግር ሲጓዙ፣ ሶምሶማ ሲሮጡና ባለበት የሚቆም ብስክሌት ሲነዱ ቆይተው፣ ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸው በ20 ዓመታቸው፣ ከመተኛታቸው በፊት፣ ወደነበረበት ተመለሰ። ሰዎቹ አምስት ብቻ መሆናቸው እውነት ነው፤ የተጠቀሙበት ዘዴ ግን ለማንም የሚሆን ነው፤ አንዳቸውም በመጀመሪያው ሳምንት የ20 ዓመት ፍጥነታቸውን እንዲሮጡ አልተጠየቁም። እርስዎ ግን የጀመሩት፣ ሳይታወቅዎ፣ 800 ሜትር ትሮጥ በነበረችው ልጅ ፍጥነት ይመስለኛል። በስፖርት ያደገ ሰው ከማያውቀው ሰው ይልቅ በዚህ ይፈተናል፤ እግሩ የሚያስታውሰውን ፍጥነት ልቡና ጡንቻው አሁን አይችሉትም።

ቦታውም አልረዳዎትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በአማካይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ነዋሪዋ በመሆንዎ ሰውነትዎ ለምደዋል፤ ቢሆንም ከስልክ የሚወርዱት የሩጫ መርሐ ግብሮች አብዛኞቹ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ለሚኖሩ ሰዎች የተዘጋጁ ስለሆኑ እዚያ የተጻፈውን ፍጥነት እንዳለ መውሰድ አይገባም። ከዱባይ ወይም ከጅዳ ከዓመታት በኋላ የተመለሱ አንባቢዎቻችን ደግሞ ሰውነታቸው ከፍታውን እስኪለምድ ጥቂት ሳምንታት በእርምጃ ብቻ ቢቆዩ ይሻላል። በዚህ ሁሉ ላይ እርስዎ የመስቀል አደባባይን ደረጃ መርጠዋል። ደረጃ መውጣት የራስን ክብደት ሽቅብ መሸከም ስለሆነ ለጀማሪ ከሜዳ ሩጫ ይልቅ ከባድ ነው፤ ለእህትዎ ከሁለት ዓመት በኋላ የተስማማ ሥራ ለእርስዎ የመጀመሪያ ወር ሥራ ሊሆን አይችልም። ለጊዜው ደረጃውን ለእህትዎ ይተዉላትና እርስዎ ከታች በሜዳው ላይ ይሁኑ፤ ጃን ሜዳም ቢሆን ለጥ ያለና ለእግር የሚለሰልስ ነው። እንጦጦ ፓርክ አየሩ ንጹሕ ቢሆንም ከከተማው ይበልጥ ከፍ ያለ ስለሆነና አቀበትም ስላለበት ለኋላ ይቆይ።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት አያስፈልግዎትም። 220 ሲቀነስ ዕድሜ የሚባለው ስሌት ለእርስዎ በደቂቃ 174 ምት የሚል ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ግን አማካይ በመሆኑ ከሰው ሰው በአሥር ምትና ከዚያም በላይ ይለያያል። የተሻለው መለኪያ ንግግር ነው። እየተራመዱ «አባታችን ሆይ»ን ከፍ ባለ ድምፅ ይበሉ። «አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር፣ ስምህ ይቀደስ» የሚለውን በአንድ ትንፋሽ ብለው ቀጣዩን ዐረፍተ ነገር ያለ ችግር ከጀመሩ ፍጥነቱ ልክ ነው። በየሁለት ቃሉ አየር መሳብ ካስፈለገዎ ፈጥነዋል፤ ይቀንሱ፤ ካስፈለገም ዝም ብለው ይራመዱ። ሙሉ ጸሎቱን እንደ ዘፈን ማዜም ከቻሉ ደግሞ ትንሽ መጨመር ይችላሉ። ይህ ዘዴ ቀላል ስለሆነ ብዙዎች ይንቁታል፤ እኔ ግን በጎልማሳነት ወደ ስፖርት ለሚመለስ ሰው ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በሳምንት አራት ቀን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ ብቻ ያድርጉ፤ ሲጀምሩ አምስት ደቂቃ፣ ሲጨርሱም አምስት ደቂቃ ዝግ ይበሉ እንጂ በአንድ ጊዜ አይቁሙ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ ስምንት ጊዜ ያህል ይድገሙት። ሶምሶማው እጅግ የዘገየ ይሁን፤ አጠገብዎ በፍጥነት የሚራመድ ሰው ቢቀድምዎ ትክክለኛው ፍጥነት ላይ ነዎት ማለት ነው። ይህ ሲቀልልዎት የሶምሶማውን ደቂቃ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ በአንድ ይጨምሩ። ለውጡን ከሚያስቡት ቀድመው ያዩታል፤ የደም ፈሳሽ መጠን በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ሳምንታት ስለሚጨምር ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ከፍ ይላል። የጡንቻው ለውጥ ግን ሳምንታትን ይጠይቃል።

አደጋው የሚመጣው ትንፋሽ ሲሻሻል ነው። ጅማትና አጥንት ከልብና ከጡንቻ ይልቅ እጅግ ዘግይተው ነው የሚጠነክሩት፤ ወራት ይፈጅባቸዋል። በሁለተኛው ወር አካባቢ ትንፋሽዎ ተመልሶ ደስ ሲልዎት «እንግዲህ ልፍጠን» ያሉ እንደሆነ ተረከዝዎ፣ ባትዎ ወይም ጉልበትዎ ያስቆምዎታል። ብዙ ጎልማሶች ለሁለተኛ ጊዜ የሚያቋርጡት እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋቱንም ለዕድሜያቸው ይሰጣሉ። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ቤት ውስጥ ከወንበር ላይ እጅ ሳያስደግፉ መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዘው ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግና ግድግዳ መግፋት ይለማመዱ። እያንዳንዱን አሥር ጊዜ፣ ሁለት ሦስት ዙር መሥራት ይበቃል።

የማግስቱን ድካም በተመለከተ፣ ደሙ ደህና ሆኖ ከተገኘ ቀላል መመሪያ ልስጥዎ፤ በማግስቱ ቢሮ የሚያደክም ስፖርት መጠኑ በዝቷል ማለት ነው፤ ያን ቀን ዕረፍት አድርገው ቀጣዩን ይቀንሱ። ባዶ ሆድዎን ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ የሚወጡ ከሆነም ይህ ራሱ ያደክማል። አንድ ብርጭቆ ውኃና ትንሽ ቆሎ ወይም ግማሽ ሙዝ ለግማሽ ሰዓት ይበቃል። ነሐሴ ላይ የፍልሰታን ጾም የሚጾሙ ከሆነ ጠዋት የሚሠሩትን ወደ ማታ ያዙሩት፤ ከቅዳሴ በኋላ ምግብና ውኃ ቀምሰው፣ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ በእርምጃ ደረጃ ብቻ ይሁን። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ለመጨመር አይሞክሩ፤ ያገኙትን መጠበቅ ይበቃዎታል።

እናትዎን አይቆጡ። ፍርሃታቸው መነሻ አለው፤ ለዓመታት ተቀምጦ የቆየ ሰው በድንገት ኃይለኛ ሥራ ሲሠራ በዚያች ሰዓት ድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ አደጋው በእርግጥ ከፍ ይላል። ያው አደጋ ግን በዝግታ ጀምሮ ዘወትር በሚሠራ ሰው ላይ ይቀንሳል፤ ልብን የሚጠብቀውም ይህ ነው። የምርመራውን ውጤት ያሳዩዋቸው፣ ቢቻልም አንድ ቀን በእርምጃው ይዘዋቸው ይውጡ። እርስዎም ሆኑ እሳቸው ግን ልታውቁት የሚገባ የማይታለፍ ምልክት አለ። ደረት ላይ የሚጫን ወይም የሚጨብጥ ስሜት፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም ለመሳት መቃረብ፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ቀዝቃዛ ላብ ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ወዲያው ይቁሙ፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ካልለቀቀ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፣ ወይም የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ይጥሩ። በሴቶች ላይ የልብ ሕመም የደረት ሕመም ሳይኖር በማለክለክና በከባድ ድካም ብቻ ሊመጣም ይችላል። በጀርባ ሲተኙ ትንፋሽ ማጠር፣ ሌሊት አየር አጥቶ መንቃት፣ የሁለት እግር እብጠት፣ ወይም የአንድ ባት ብቻ ማበጥና መታመም ከስፖርት ማነስ የሚመጡ አይደሉም፤ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል።

ስንፍና ነው ወይ ላሉት፣ ሥራና ሦስት ልጆች እያሉ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ የሚወጣን ሰው ሰነፍ የሚል የለም። ቆመው ሲያለከልኩ የሚያዩዎት ወጣቶችም፣ እመኑኝ፣ የራሳቸውን ትንፋሽ ነው የሚያዳምጡት።

ስለ ታላቁ ሩጫ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሚካሄደው በዚህ 10 ኪሎ ሜትር ላይ ከፊት የሚሮጡት ጥቂቶች ናቸው፤ ከኋላ ያለው ሕዝብ እየዘፈነ፣ እየተራመደ፣ አልፎ አልፎ ሶምሶማ እየሮጠ ነው የሚጨርሰው፤ ስለዚህ እርስዎም ከሩቅ የሚመለከቱት ነገር አይደለም። አሁን ሰኔ በመሆኑ አምስት ወር ገደማ አለዎት። እህትዎ እንድታስመዘግብዎት የምፈቅድላት ግን በሁለት ሁኔታ ነው። ደምዎ ተመርምሮ፣ ጉድለት ከተገኘበትም ሕክምናው ተጀምሮ ቁጥሩ መመለሱ ይረጋገጥ፤ መስከረም መጨረሻ ላይ ደግሞ እርምጃና ሶምሶማ እያፈራረቁ አንድ ሰዓት ተጉዘው በማግስቱ ያለ ድካም ሥራ መዋል ይቻልዎ። ሁለቱ ካልተሟሉ ምዝገባው ለቀጣዩ ዓመት ይተላለፍ፤ እርምጃው ግን አይቋረጥ። በዕለቱም እህትዎ ከፊት ትሂድ፣ እርስዎ ከኋላ በራስዎ ልክ ይጓዙ፤ መጨረሻው ላይ ትጠብቅዎ። የምርመራውን ውጤት ካገኙ በኋላ ቁጥሩን ቢጽፉልን፣ በብረቱም ሆነ በአሠራሩ ላይ ቀጣዩን ደረጃ አብረን እናያለን።